ጅብ ከሄደ የሚጮህ ሰሌዳ፦ የብሔራዊ ፓርኮች የመኪና መጨናነቅና በሰዓቱ የሚደርስ መረጃ

በዚህ ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ሰመር በመጣ ቁጥር የብዙ ቤተሰብ ቅዳሜ የሚበላሽበትን አንድ ጉዳይ እናንሳ። ርዕሱ ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን መንግሥትና ሕዝብ እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር ነው።

እስቲ አንድ ቅዳሜ አስቡ። ወሩ ሐምሌ ነው። የምትኖሩት ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ወይም ኦሮራ ነው። እናታችሁ ልጅ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ከመጡ ወዲህ ያዩት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና የገበያ አዳራሽ ብቻ ነው። «ዛሬ ተራራ እናሳይዎት» ብላችሁ ሌሊት ዶሮ ወጥ ተሠራ፣ እንጀራው ተጠቀለለ፣ ቡናው በፔርሙዝ ተሞላ። ልጆቹን ቀስቅሶ፣ አልብሶ፣ ጭኖ ከቤት ሲወጣ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በቦልደርና በላየንስ አድርጋችሁ፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ወጥታችሁ ኢስተስ ፓርክ ከተማ ስትደርሱ 11 ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ረጅም የመኪና ሰልፍ ጠበቃችሁ። ተራችሁ ሲደርስ የፓርኩ ጠባቂ በፈገግታ «የሰዓት ቲኬታችሁ የታል?» አለቻችሁ። ቲኬት እንደሚያስፈልግ አልሰማችሁም። «እንግዲያው ከቀትር በኋላ ከ2 ሰዓት ወዲህ ተመለሱ» ተባላችሁ። ስልክ ብታወጡ ኔትዎርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። እናታችሁ ደግሞ እንደ እናት «ምንም አይደል፣ መንገዱም ያምራል» አሉ።

ይህ ቤተሰብ የጎደለው ምንድን ነው? መኪና አለው፣ ቤንዚን አለው፣ የመግቢያ ገንዘብ አለው። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር የፓርኩ በር ላይ ተነግራዋለች። ነገር ግን አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚሉት ነው፤ በር ላይ የተነገረ መረጃ ለዚያ ቀን አይጠቅምም። እዚያው መረጃ ከቤት ሳይወጡ፣ ካልሆነም ላየንስ ላይ፣ መንገዱ ወደ ሸለቆው ሳይገባ ቢደርሳቸው ኖሮ ቀኑ ሌላ ይሆን ነበር። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያጠነጥነው እዚህ ነጥብ ላይ ነው፦ መረጃ የሚጠቅመው ሰው ምርጫ እያለው ሲደርሰው ነው።

መኪናው ለምን ይከማቻል?

የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት በሚያስተዳድራቸው ሥፍራዎች በ2024 ከ331 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቧል። ይህ እስከዚያ ዓመት በታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ሮኪ ማውንቴንን ብቻ ብንወስድ በ2019 ከ4 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ጉብኝት አስተናግዷል። ፓርኩ የተመሠረተው በ1915 ነው። ስፋቱ 415 ስኩዌር ማይል ያህል ነው። በዚህ ስፋት ላይ ያን ሁሉ ሰው ብትበትኑት ማንም ማንንም አይገፋም።

ችግሩ ሰው እኩል አይበተንም። ከዴንቨር በኩል የሚመጣው አብዛኛው ጎብኚ በኢስተስ ፓርክ ከተማ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ቢቨር ሜዶውስና ፎል ሪቨር በሚባሉት ሁለት በሮች ይገባል። ከገባ በኋላም ሁሉም አንድ ቦታ ማየት ይፈልጋል፤ ቤር ሌክ የተባለውን ሐይቅ። የሐይቁ መኪና ማቆሚያ በሰመር ገና በማለዳ ይሞላል። ሰዓቱም አንድ ነው። ቁርስ በልቶ የሚነሳው ሕዝብ ሁሉ ረፋድ ላይ አንድ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ አገር የሚያህል ፓርክ ውስጥ ጠቡ በአንድ ቀን፣ በጥቂት ሰዓት፣ በጥቂት መቶ የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ላይ ይሆናል ማለት ነው።

«ታዲያ መንገዱን አያሰፉም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከተማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መልስ ይህ ይሆን ነበር። ፓርክ ግን የተለየ ነው። የፓርክ አገልግሎቱን ያቋቋመው የ1916ቱ ሕግ ሁለት ነገር በአንድ ትከሻ ላይ ይጭናል፤ በአንድ በኩል ሕዝቡ ይደሰትበት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለመጪው ትውልድ ሳይበላሽ ይቆይ ይላል። ሐይቁን ለማየት የመጣውን መኪና ሁሉ የሚበቃ አስፋልት ብታነጥፉ ሐይቁን ለማየት የሚመጣ ሰው አይኖርም። የዚህ ፓርክ ትሬል ሪጅ የተባለው መንገድ እስከ 3,713 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ከእንጦጦ ይበልጣል ማለት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የሚበቅለው ሣርና አበባ አንድ ጊዜ በጎማ ወይም በእግር ከተረገጠ ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል።

ሌላም ነገር አለ። ማቆሚያ የሚፈልግ መኪና መንገድ ላይ ከሚያልፍ መኪና የባሰ ነው። አንድ ጊዜ ገብቶ ቦታ ያጣ መኪና አይወጣም፤ «ምናልባት አንዱ ይነሳ ይሆናል» እያለ ይዞራል። አሥር ሲዞሩ አሥራ አንደኛው መግባት ያቅተዋል። ከዚያ ሰልፉ ወደ ዋናው መንገድ ይተርፋል። ተስፋ የቆረጠው ደግሞ መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ያቆማል። አንድ ሰው ገደል ላይ ወድቆ አምቡላንስ ሲጠራ መንገዱ ተዘግቶ ይቆያል። በዚህ ላይ ኤልክ የተባለው ትልቁ አጋዘን መንገድ ዳር ብቅ ካለ ሁሉም ፎቶ ለማንሳት ይቆማል። ስለዚህ መጨናነቅ የሰዓት ብክነት ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትና የተፈጥሮ ጉዳይም ነው።

የመንገድ ዳር መረጃ ሥርዓት ምንድን ነው?

መንገድ ካልሰፋ፣ ሐይቁም ወደ ሰው ካልመጣ፣ የሚቀረው ሾፌሩን ማናገር ነው። የትራንስፖርት መሐንዲሶች ለዚህ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም፤ እናንተም ሁሉንም በመንገድ ላይ አይታችኋቸዋል።

የመጀመሪያው ጽሑፉ የሚቀያየር የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው። በሀይዌይ ላይ «ፊት ለፊት አደጋ አለ» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ከተሽከርካሪ ጋር ተያይዞ የሚጎተት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ዓይነትም አለው። ለፓርክ የሚመቸው ይኼኛው ነው፤ ፓርክ የሚጨናነቀው በዓመት ጥቂት ወራት ስለሆነ በሰመር አምጥቶ መትከል፣ በክረምት ማንሳት ይቻላል።

ሁለተኛው የመንገድ ራዲዮ ነው። «ራዲዮናችሁን 1610 ላይ ክፈቱ» የሚል ሰሌዳ አይታችሁ ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በ1977 በኤኤም ራዲዮ ላይ 530 እና 1610ን ለዚህ አገልግሎት ፈቀደ። የጣቢያው ኃይል ቢበዛ 10 ዋት ነው፤ ከአንድ አምፖል አይበልጥም። ስለዚህ የሚሰማው በጥቂት ማይል ውስጥ ብቻ ነው። ግን ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው፤ የሚናገረው በዚያች ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ ላለ ሾፌር ብቻ ነው። ሰሌዳ በጥቂት ቃል የሚለውን ራዲዮው በአንድ ደቂቃ ሊያብራራ ይችላል። ዛሬ ይህ ራዲዮ እየደከመ መጥቷል፤ አንዳንድ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኤኤም ራዲዮ ሳይኖራቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ።

ሦስተኛው 511 የሚባለው የስልክ ቁጥር ነው። ይኸው ኮሚሽን በ2000 ለመንገድ መረጃ ብቻ የመደበው ቁጥር ሲሆን ብዙ ግዛቶች በዚሁ ስም ድረ ገጽም ያሠራሉ። አራተኛው ለዓይን የማይታየው፣ ግን ለሁሉም መሠረት የሆነው ቆጠራ ነው። ማቆሚያው መሙላቱን የማያውቅ ሰሌዳ ምን ሊናገር ይችላል? አንዳንድ ቦታ መግቢያና መውጫ ላይ በተቀበረ መሣሪያ መኪናው ይቆጠራል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ቆሞ በሬዲዮ መገናኛ «ሞልቷል» ብሎ ይነግራል። ሁለቱም ይሠራሉ። ዋናው ነገር ወሬው ትኩስ መሆኑ ነው።

«ዘመኑ የስልክ ነው፣ ሰሌዳ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ተራራና ሸለቆ ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሲሠራም ካርታው የሚነግራችሁ መንገዱ መዘጋቱን እንጂ ሐይቁ ጋ ማቆሚያ መኖሩን አይደለም። የሚነዳ ሰውም ስልክ መነካካት የለበትም። ሰሌዳ ግን አፕ አውርዱ አይልም፣ ይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ባትሪ አልቆብኛል አይልም። ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይሁን፣ በዚያ መንገድ ለሚያልፍ ሁሉ እኩል ይናገራል።

የኢስተስ ፓርክ ትምህርት

ሮኪ ማውንቴን ፓርክ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ ቤር ሌክ የሚወስድ የሻትል አውቶቡስ አገልግሎት የጀመረው በ1978 ነው። በ2006 ደግሞ ከኢስተስ ፓርክ ከተማ ተነስቶ ወደ ፓርኩ የሚገባ አውቶቡስ ተጨመረ። ስለዚህ መኪናን ከተማ ላይ አቁሞ በአውቶቡስ መግባት የሚቻልበት መንገድ ነበረ። ማቆሚያም ነበረ፤ በከተማዋ መግቢያ፣ በዩኤስ 36 መንገድ አጠገብ፣ የፈረስና የከብት ትርኢት የሚደረግበት ሰፊ ሜዳ አለ። ታዲያ አውቶቡስ እያለ፣ ማቆሚያም እያለ፣ ለምን ሁሉም በየመኪናው ወደ ሐይቁ ይነዳል?

መልሱ፣ አብዛኛው ሰው አያውቅም ነበር። የሚያውቀውም ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። የአውቶቡሱ ሰሌዳ የሚታየው ፓርኩ ውስጥ ከተገባ በኋላ ከሆነ፣ ከተማዋ ላይ ያለውን ሜዳ አልፎ የመጣ ሰው ሰልፉን ሁሉ ትቶ ወደ ኋላ አይመለስም። ማን ይመለሳል?

በ2010ሮቹ መጀመሪያ ላይ ከተማዋና ፓርኩ ከመንገድ ጥናት ባለሙያዎች ጋር ሆነው ይህን ለመለወጥ ሙከራ አደረጉ። ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ወደ ከተማዋ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ተተከሉ፤ የመንገድ ራዲዮም ተጨመረ። መልእክቱ ሾፌሩ ሜዳው ጋ ሳይደርስ፣ ገና መታጠፍ እየቻለ «እዚህ አቁም፣ በአውቶቡስ ግባ» የሚል ነበር። ሐሳቡ ሲታይ ተራ ነው። ነገር ግን የጨዋታውን ሕግ ይለውጣል። ቀድሞ ሾፌሩ ውሳኔውን የሚወስነው ቦታ ባጣ ጊዜ፣ በንዴት ነበር። አሁን የሚወስነው ሁለቱም መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በረጋ መንፈስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ጥሩ ሰሌዳ እንዴት ያለ ነው?

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 80 ጫማ ገደማ ይጓዛል። የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ቀን ላይ ከ800 ጫማ ርቀት እንዲነበብ ይፈልጋል። 800ን ለ80 ብናካፍል 10 ይወጣል። ሾፌሩ ያለው 10 ሰከንድ ነው። በዚያ ላይ ልጆች ከኋላ ይጣላሉ፣ ራዲዮ ይጮኻል፣ ፊት ለፊት ያለው መኪና ፍሬን ይይዛል። ስለዚህም መመሪያው አንድ መልእክት ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ፣ አንዱ ገጽም ከሦስት መስመር እንዳይበልጥ ያዝዛል።

በ10 ሰከንድ ውስጥ ምን መናገር ይቻላል? ልምዱ ሦስት ነገር ያስተምራል።

አንደኛ፣ ሰሌዳው ከመታጠፊያው በፊት ይተከል። ከመታጠፊያው በኋላ የተተከለ ሰሌዳ መረጃ አይሰጥም፣ ያናድዳል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ችግሩን ብቻ ሳይሆን መፍትሔውን ይናገር። «ፓርኩ ተጨናንቋል» የሚል ሰሌዳ ለሾፌሩ ጭንቀት ይጨምርለታል። «ማቆሚያው ሞልቷል፤ ነፃ አውቶቡስ በስተግራ» የሚል ሰሌዳ ግን የሚሠራውን ሥራ ይሰጠዋል። ሰው የሚታዘዘው ሲያስፈራሩት ሳይሆን ወዴት እንደሚሄድ ሲያሳዩት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰሌዳው እውነት ይናገር። የውሸታሙን እረኛ ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ተኩላ መጣ» እያለ ሰዎችን ሲያስሮጥ ኖሮ ተኩላው በእውነት በመጣ ቀን የሚደርስለት አጣ። ጠዋት «ሞልቷል» የሚለውን ጽሑፍ ማታ ማንሳት የረሳ ሰሌዳም እንደዚሁ ነው። አንድ ሾፌር አንድ ጊዜ «ሞልቷል» ተብሎ፣ አላምንም ብሎ ገብቶ ባዶ ቦታ ካገኘ፣ ያንን ሰሌዳ ዳግመኛ አያምነውም። ለጓደኞቹም ይነግራል። ስለዚህ የዚህ ሥርዓት ውዱ ነገር ሰሌዳው አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል በየሰዓቱ የሚያድስ ሰው ነው። ብዙ ቦታ መሣሪያው ተገዝቶ ሥራው የሚከሽፈው ለዚህ ሰው በጀት ሳይያዝ ሲቀር ነው። የመንግሥት ሥራ የምታውቁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም።

ሰሌዳ የማይፈታው

ሐቁን እንናገር ከተባለ ሰሌዳ ቦታ አይፈጥርም። ያለውን ቦታ ያደላድላል እንጂ። የሚመጣው ሰው ከሚይዘው በላይ ሲሆን የግድ ሌላ እርምጃ ይመጣል።

በዩታ የሚገኘው ዛየን ፓርክ ይህን ቀድሞ ተረድቷል። በ2000 በዋናው ሸለቆ መንገድ ላይ አውቶቡስ አስገባና አውቶቡሱ በሚሠራበት ወራት የግል መኪና ከለከለ። መኪናችሁን ስፕሪንግዴል በተባለችው መንደር ወይም መግቢያው ላይ አቁማችሁ በአውቶቡስ ትገባላችሁ። በሜይን ግዛት ያለው አካዲያ ፓርክም ከ1999 ጀምሮ ከመንደሮቹና ከሆቴሎቹ የሚያነሳ አውቶቡስ አለው፤ ካዲላክ ወደሚባለው ተራራ በመኪና ለመውጣት ደግሞ ከ2021 ወዲህ ቀጠሮ አስፈልጓል። ሮኪ ማውንቴን በ2020፣ በኮቪድ ዘመን፣ የሰዓት ቲኬት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሰመሮች ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ሁለት ዓይነት ቲኬት ነበረ፤ አንዱ የቤር ሌክን መንገድ የሚጨምርና ከንጋቱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት የሚያስፈልግ፣ ሌላው ለቀሪው የፓርኩ ክፍል ከጠዋቱ 9 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ የሚያስፈልግ።

«እንግዲህ ቲኬት ከመጣ ሰሌዳ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። እንዲያውም ባሰበት። ቲኬት የሚያውቀው ድረ ገጽ የሚያይ ሰው ነው። ከሌላ ግዛት የመጣ፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማያነብ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን «ዛሬ ምን እናድርግ» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት የሚነሳ ሰው አያውቅም። ያንን ሰው በር ላይ ከማባረር ሃምሳ ማይል ቀድሞ «ቲኬት ያስፈልጋል» ብሎ መንገር ለእርሱም ለፓርኩም ይሻላል። ቲኬቱ የሰውን ቁጥር ይወስናል፤ ሰሌዳው ደግሞ ውሳኔው ወደ ሰው ጆሮ መድረሱን ያረጋግጣል። ሕግ ወጥቶ ሕዝብ ካልሰማው ያልወጣ ያህል ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የሚከተለውን ያዙልን።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት የፓርኩን ይፋ ድረ ገጽ ተመልከቱ። የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ድረ ገጽ ኤንፒኤስ ዶት ጎቭ ነው፤ ቲኬት የሚገኘው ደግሞ ሪክሪየሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው። የቀጠሮ ቲኬትና የመግቢያ ክፍያ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ፤ የሮኪ ማውንቴን የቀጠሮ ክፍያ 2 ዶላር ሆኖ ሲቆይ የመግቢያው ለብቻው ይከፈል ነበር። ደግሞም ሕጉ በየዓመቱ ይለዋወጣል። አንዱ ፓርክ ቲኬት ይጀምራል፣ ሌላው ይተዋል። ዐምና የሄደ ጓደኛ የነገራችሁን ሳይሆን የዘንድሮውን አንብቡ።

ቲኬቱንና ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ ወይም አትሙ። በር ላይ ኔትዎርክ ፈልጎ ቲኬት እገዛለሁ ማለት አያዋጣም።

ሰዓታችሁን ቀይሩ። እኛ ሐበሾች ረፋድ ላይ መውጣት እንወዳለን፤ መጨናነቁም እዚያው ሰዓት ላይ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሌሊት የምንነሳ ሰዎች ለአንድ ቅዳሜ መነሳት አያቅተንም። ካልሆነም ዘግይታችሁ ከሰዓት በኋላ ግቡ፤ የሰመር ምሽት ረጅም ነው። ከሰዓት በኋላ ግን በተራራው ላይ ነጎድጓድና መብረቅ የተለመደ ስለሆነ ከፍ ወዳለው ገላጣ ሥፍራ በእግር አትውጡ።

በማኅበር ወይም በዕድር ስትሄዱ መኪና ቀንሱ። አሥር ቤተሰብ በአሥር መኪና ሄዶ «ጎን ለጎን እናቁም» ማለት በፓርክ ውስጥ አይሆንም። ከተማው ላይ ተገናኝታችሁ በሦስት መኪና ግቡ፤ አውቶቡስ ካለም በእርሱ ተሳፈሩ። እናቶቻችንና አባቶቻችን በአውቶቡስ መሄዱ አይከብዳቸውም፤ እንዲያውም ሾፌሩ መንገድ ሳይሆን ተራራ እያየ የሚሄድበት ብቸኛው ዘዴ ነው።

በመንገድ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንድ ሰው እንዲያነብ መድቡ። የሚነዳው ይንዳ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ያንብብ። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ከእኛ ፈጥነው ያነባሉ፤ ሥራ ስጧቸው። «ሞልቷል» ካላችሁ እመኑት። «እኛ ዕድለኞች ነን» ብሎ የሚገባ መኪና ነው ሰልፉን የሚሠራው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩት ደግሞ ሸናንዶዋ ቅርባችሁ ነው። ስካይላይን የተባለው መንገድ 105 ማይል ይረዝማል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አይበልጥም። በጥቅምት ቅጠሉ ቀይና ወርቅ ሲሆን የዲሲ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ብዙዎች የማያውቁት ግን መንገዱ አራት መግቢያ እንዳለው ነው። ሁሉም ለከተማው በሚቀርቡት በፍሮንት ሮያልና በቶርንተን ጋፕ ሲሰለፍ ደቡብ ያሉት ስዊፍት ረን ጋፕና ሮክፊሽ ጋፕ ሊቀልሉ ይችላሉ። ኦልድ ራግ የተባለውን ተራራ ለመውጣት ደግሞ ከ2022 ወዲህ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አስቀድሞ የተገዛ የዕለት ቲኬት ሲጠየቅ ቆይቷል፤ እዚያም ስልክ አይሠራምና ከቤት ግዙ።

ለአገር ቤት አንባቢዎቻችን

አገር ቤት ያላችሁ «ይህ የአሜሪካ ችግር ነው» ትሉ ይሆናል። ለጊዜው ልክ ናችሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚቸገረው በጎብኚ ማነስ እንጂ በመብዛት አይደለም። ነገር ግን ወንጪን፣ ጎርጎራንና ኮይሻን ለጎብኚ ለማዘጋጀት ሎጅና መንገድ ሲሠራ አይተናል። ወንጪ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚያስኬድ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። የከተማው መኪና ቁጥር እየጨመረ ነው። በበዓል ማግሥት ሁሉም በአንድ መንገድ ወደ አንድ ሐይቅ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አሜሪካኖቹ ይህን የተማሩት መጀመሪያ አስፋልት አንጥፈው፣ ከዚያ ተጨናንቀው፣ ከዚያ አውቶቡስና ሰሌዳ ጨምረው ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እንችላለን። ማቆሚያውን ከሐይቁ ርቆ መሥራት፣ ከዚያ የአካባቢው ወጣቶች በሚያስተዳድሩት ፈረስ ወይም አነስተኛ አውቶቡስ ማውረድ፣ ከዋናው መንገድ መገንጠያ ላይ ደግሞ «ሞልቷል» ወይም «ቦታ አለ» የሚል አንድ ሰሌዳ መትከል። ኤሌክትሮኒክ መሆን የለበትም። በጠመኔ የሚጻፍ ጥቁር ሰሌዳና ስልክ የያዘ አንድ ታማኝ ወጣት ይበቃል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን የሐይቁን ዳርቻና የጎብኚውን ቀን ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ያቺን ከኦሮራ የተነሳች መኪና አትርሷት። ወጡ ተሠርቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ እናት ከባሕር ማዶ መጥተው የሚገኝ ቅዳሜ በዕድሜ ስንት ጊዜ ነው? ፓርኩ ቃሉን ቀድሞ ያድርስ፤ እኛም ቀድመን እንጠይቅ። የሁለት ደቂቃ ንባብ የአንድ ቀን ጉዞን ያተርፋልና የዘንድሮውን ሰመር ከወዲሁ አቅዱ። በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ።